በእጄ ያላጎረስኩት ውሻ

አባቴ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ከሁሉ አብልጦ የጠላው የእኔን ክንድ ነው። አልፈርድበትም። ዲላ ውስጥ አስተማሪ ሆኖ መንገድ መሄድ ማለት በየአምስት እርምጃው መቆም ማለት ነው። የተማሪ እናት ታስቆመኛለች፤ የድሮ ተማሪዬ ባጃጁን አቁሞ «ቲቸር!» ይለኛል፤ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም፤ እኔም ብሆን ወሬ አልጠላም። እሱ ክንዴን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል። አንድ እሁድ በዚሁ ምክንያት ቤተ ክርስቲያን የደረስነው ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ነበር። ስንመለስ «እንደ ሻንጣ አስቀምጠሽኝ እኮ ነው የምታወሪው» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው ኮንጋ ውስጥ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ነው። የቀላውን ቡና ካልቀላው በአንድ እይታ ለይቶ፣ ጥሬ ቀላቅሎ ያመጣውን ሰው ሳይናገር በዓይኑ ብቻ የሚመልስ ሰው ነበር። ሕመሙ የዓይን ግፊት መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሐኪሙም «የቀረውን እናቆየው» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም። የቀረውም አልቆየም። እናቴ ከሞተች ብዙ ዓመት ስለሆናት ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ነጭ በትር ተሰጥቶት ሞከረ። በሁለተኛው ቀን ክዳን የሌለው ቱቦ ውስጥ ገብቶ ቅልጥሙ ተላጠ፤ በትሩን በር ኋላ አቆመውና ዳግም አላነሳውም። ከዚያ ወዲህ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ «ለማለዳ ጸሎት ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን ብመለስ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

የውሻውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች እንዴት እንደሚሠለጥኑ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ስልኬ ላይ አየሁና «ይህማ ምን ያቅተኛል» አልኩ። ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ዝም የማሰኝ ሰው አንድ ውሻ ያቅተኛል? የኮንጋው ጣቢያ ጥበቃ፣ የአባቴ የድሮ የሥራ ጓደኛ፣ ከቡና ማስጫ አልጋዎቹ ሥር ያደገ አንድ ቡናማ ወንድ ውሻ ላከልን። ለቃሚው ሲተራመስ፣ የመፈልፈያው ማሽን ሲጮኽ የማይደነግጥ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ውሻ ነበር። አባቴ ጭንቅላቱን ዳብሶ «ጓዴ» አለው። ጫማ ሰፊው ከመኪና ቀበቶ ማሰሪያ ሰፋለት፤ በያጁ ደግሞ ከቀጭን ብረት አባቴ የሚይዘውን እጀታ ሠራለት። ብረቱን ሲያስረክበኝ «ዘንድሮ ለውሻም መሪ ተገጠመለት!» ብሎ ሳቀብኝ።

ቱቦ ጋ ሲደርስ መቆም፣ ደረጃ ላይ መዘግየት፣ የቆመ ባጃጅ ሲያጋጥመው ዞሮ ማለፍ፤ ይህን ሁሉ ቶሎ ለመደ። ያስቸገረኝ ልቡን መሰብሰቡ ነበር። ዶሮ ሲያይ ልቡ ይሄዳል። ሌላ ውሻ ሲጮኽ ይሄዳል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ከቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ የተደረደሩት ሥጋ ቤቶች ነበሩ። ረቡዕና ዓርብ አብዛኞቹ ስለሚዘጉ ጎበዝ ይሆናል፤ ሐሙስ የተማረውን ሁሉ ይረሳዋል። እንደ አንዳንድ ተማሪዎቼ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ጀመርን። ሥጋው በሩቁ ሲሸተው «እለፍ» እለዋለሁ። ጆሮውን ወደ እኔ ከመለሰና ከተራመደ ሽልማቱን ያገኛል። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየቀረብን ሄድን። በመጨረሻ አንደኛው ባለ ሥጋ ቤት ራሱ እንዲያግዘኝ ለመንኩት፤ ጅማትና ስብ እየቆረጠ እግሩ ሥር ይጥልለታል፣ እኔ «እለፍ» እላለሁ። ውሻው ምራቁን እየዋጠ ያልፋል። «የኔ እህት፣ ይኼ ውሻ ገዳም ሊገባ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር ባለ ሥጋ ቤቱ፣ ቢላዋውን እየሳለ።

አሁን ስለ ሽልማቱ ልናገር። ቪዲዮው ላይ የነበሩት ሰዎች ለውሻው የሚሰጡትን ከእጃቸው ያበሉታል፤ ጣታቸው አፉ ውስጥ ይገባል። ይህን አልቻልኩም። እኛ ዘንድ በእጅ የሚያጎርሱት ሰውን ነው፤ ያውም የሚወዱትን ሰው። ለውሻ ይወረወርለታል። ምራቁ መዳፌን ሲነካው ገና ሳስበው ሰውነቴን ይቀፈኝ ነበር። ስለዚህ መሬት ላይ ወረወርኩለት። ስወረውርለትም ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩ፦ «እንካ።» በዚህች ቃል ብቻ ከመሬት እንዲያነሳ፣ ያለ እሷ የወደቀ ነገር እንዳይነካ አስተማርኩት። ቪዲዮው መንገደኛ የማይናገረውን ቃል ምረጡ ይል ነበር። ሰምቼ አለፍኩት።

አባቴ ግን አላለፈውም። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳሠለጥን ያዳምጥ ነበርና «ይህን ቃል እኮ አገሩ ሁሉ ይለዋል» አለኝ። «ሌላ ፈልጊለት። ደግሞ በእጅሽ ስጪው፣ ምን አለበት።»

«አባባ፣ ለውሻ ሌላ ምን ይባላል? ጉርሻ ካማረው ሠርግ ቤት ይሂድ።»

ሳቀ። እሱን ካሳቅኩት ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ነገር አስተማርኩት። መንገደኛው የሚመራ ውሻ ሲያይ ይገረምና ዳቦውን ቆርሶ በእጁ ይዘረጋለታል። ይህ ልቡን እንዳይወስደው ከእጅ ምንም እንዳይቀበል አደረግኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳቦ በጣቴ ጫፍ ይዤ እየዘረጋሁለት፣ ሊያሸት ሲል እየሰበሰብኩበት፣ ፊቱን ሲያዞር መሬት ላይ እየጣልኩ «እንካ» እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ የተዘረጋ እጅ ሲያይ አንገቱን ወደ ጎን ማዞር ለመደ። እንዴት እንደኮራሁ! መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳይቀር አወራሁት።

አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የወጣ ዕለት ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው ተደብቄ ተከተልኩ። የባጃጅ ጡሩምባ ነበር፤ ሁለት ውሾች ይጣላሉ፤ አንዲት ሴት ዶሮ በእግሯ አንጠልጥላ ትሄዳለች። ሥጋ ቤቶቹ ጋ ሲደርሱ ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን አቁሞ አየ። ውሻው ጆሮውን እንኳ ሳያነሳ አለፈ። አባቴ እጁን ዘርግቶ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ነካው፤ መዳፉን እዚያው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። እኔ መብራት እንጨት ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። ቤት ተመልሶ ሲቀመጥ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «ማንንም ሳልጠብቅ ደረስኩ።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሄደ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ስለ ውሻው አጉረመረሙ፤ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ብርብራ ዛፍ ሥር ቦታ ሰጡት። አባቴ ጃኬቱን ራሱ መቦረሽ ጀመረ። ልቦርሽልህ ስለው «ተይኝ እስቲ፣ የምሄድበት አለኝ» ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ማለዳ እሳቱን አያይዤ ሻይ ጥጄ ነበር። በሩ ተከፈተ። እንደወትሮው ቀድሞ የሚሰማው የብረቱ ቅጭልታ አልነበረም፤ አባቴ ውሻውን ደግፎ፣ ወይም ውሻው እሱን፣ ማናቸው ማንን እንደሚመራ ሳይታወቅ ገቡ። የውሻው እግሮች ይንቀጠቀጣሉ፤ ከአፉ አረፋ ይወርዳል።

«ከጎረቤት አጥር አጠገብ ስንደርስ አንድ ሰው ‹እንካ! እንካ!› አለ» አለኝ አባቴ። «የሆነ ነገር መሬት ላይ ወደቀ። እጀታው ወደ ታች ሄደ። የተደናቀፈ መስሎኝ ጎተትኩት።»

ጎረቤታችንን አውቃቸዋለሁ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ዶሮዎቻቸውን ጨርሰውባቸው በየቀኑ ሲራገሙ እሰማለሁ። ከቆርቆሮው አጥር ውስጥ ሆነው መርዝ የነካው ሥጋ ወደ ውጭ ሲወረውሩ ማን እንደሚያልፍ አላዩም። ያሉትም ማንም ሰው ለውሻ የሚለውን ነው። ሥጋ ቤት የተደረደረበትን መንገድ ሁሉ ሳያይ ያለፈው ውሻ፣ እኔ ያስተማርኩትን ቃል ሰምቶ ታዘዘ።

የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ለሥራ ወርቃ ወጥቻለሁ፣ እስክመጣ የከሰል ዱቄት በወተት አድርጋችሁ ስጡት አለኝ። ከሰል ፈጨሁ፤ ዳቦ በወተቱ ነከርኩ፤ ተንበርክኬ በጣቶቼ ወደ አፉ አስጠጋሁ። መቀፈፉ የት እንደሄደ አላውቅም። እጅሽን እስከ ክርንሽ አፉ ውስጥ አስገቢ ብባል አስገባ ነበር። ውሻው እጄን አየ፤ አንገቱን ወደ ጎን አዞረ።

እንደገና ሞከርኩ። እንደገና አዞረ። እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እየከበደ፣ ያስተማርኩትን አልረሳም። «እባክህ» አልኩት፤ ይህን ቃል ደግሞ አላስተማርኩትም። መሬት ላይ ጥዬ «እንካ» አልኩ፤ ጎንበስ ማለት አልቻለም።

አባቴ ወለሉን እየዳበሰ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። የተነከረውን ዳቦ ከእጄ ወሰደ። በግራ እጁ አገጩን ፈልጎ አገኘ፤ በቀኙ አቀረበለት። ውሻው አፉን ከፈተለት።

«አባባ፣ ታጎርሰው ነበር?»

«ሁልጊዜ» አለ። «አንቺ ትምህርት ቤት ስትሄጂ።»

አንድ ሁለት ጉርሻ ዋጠ። ሐኪሙ በሞተር ሳይክል እየበረረ ሲደርስ ግን ጭንቅላቱ አባቴ ጭን ላይ ነበር፤ መተንፈስ ካቆመ ቆይቷል። ጓሮ እንሰቱ መሃል ቀበርነው። ማሰሪያውን ፈትቼ ስሰጠው አባቴ እጀታውን ሁለት ጊዜ በጣቱ ዳሰሰና መልሶ ሰጠኝ።

ለውሻ ለቅሶ አይደረስም፤ እኔም ለትምህርት ቤቱ አሞኛል ብዬ ነው የቀረሁት። በሦስተኛው ቀን ግን ጎረቤታችን መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ዶሮ ጨረሰብኝ፣ ለዱርዬው ውሻ ብዬ ነው የጣልኩት። የርስዎ ውሻማ የወደቀ አይነካም ሲባል እሰማለሁ፤ እሱ ይበላል ብዬ መች አሰብኩ።»

 አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ሻይ አምጪላቸው» አለኝ። ማድ ቤት ገብቼ ውሃው እስኪፈላ፣ ፈልቶም እስኪያልቅ ቆምኩ። ለእሳቸው ውሻው ለምን እንደበላ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ ጥፋቱ ሁሉ የእሳቸው እንደሆነ ያስባሉ። አባቴ ደግሞ አንድም ቀን «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም፤ እኔ ግን በየቀኑ እጠብቀዋለሁ።

ከኮንጋ ሌላ ውሻ እንላክላችሁ አሉ። አባቴ «ይቅር» አለ። አሁን ለማለዳ ጸሎት የምወስደው እኔ ነኝ። ክንዴን ስሰጠው እጁ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ይይዘኛል። መንገድ ላይ ማንንም ቆሜ አላናግርም። «ቲቸር!» ሲሉኝ አንገቴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። ሥጋ ቤቶቹ ጋ ስንደርስ ባለ ሥጋ ቤቱ ራሱ አቀርቅሮ ሥራውን ይሠራል። ሰዉ ኮራች ይለኛል፤ ይበለኝ። በሰዓቱ እንደርሳለን፣ በሰዓቱ እንመለሳለን። አባቴ እንደ ድሮው «ደረስኩ» አይልም። «ደረስን እንዴ?» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ከጸሎት ስንመለስ ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ከጓሯቸው የለቀሙትን አቮካዶ በፌስታል ይዘዋል። «እንኪ ልጄ» አሉና ዘረጉልኝ።

ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ። አስቤበት አልነበረም፤ አንገቴ በራሱ ዞረ። አባቴ ክንዴን ጠበቅ አደረገው።

«ተቀበያቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንቺን ማንም አልከለከለሽም።»

ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። ቤት ገብተን የበሰለውን መርጬ ላጥኩ፤ በዳቦ አድርጌ ቆንጆ ጉርሻ ጠቀለልኩና «አባባ» ብዬ ወደ አፉ አስጠጋሁለት። ወዲያው አፉን ከፈተልኝ። እጄ ግን መንገድ ላይ ቆመ፤ እንባዬ መጣ። አባቴ አልቅሼ እስክጨርስ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።