አንድ መለኪያ ዘይት ለባጃጃችን

አባቴ ጠዋት ጠዋት ባጃጁን ከማስነሳቱ በፊት አንድ የአረቄ መለኪያ ዘይት ቤንዚኑ ውስጥ ይጨምር ነበር። አማትቦ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ቀስ አድርጎ። «እሷም ጉሮሮዋን ታርስ እንጂ!» ይላል። በደብረ ማርቆስ ስንት ባጃጅ እንዳለ እንጃ፤ በመለኪያ የምትጠጣ ግን የኛ ብቻ ናት ብዬ እስቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነው የሳቅሁት።

ልማዱ የመጣው ድሮ ለሰው ይነዳት ከነበረችው አሮጌ ባጃጅ ነው። ያቺኛዋ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ካልተቀላቀለላት ፒስተኗ የሚመላለስበት ሲሊንደር ይደርቅባታል። የኛዋ ግን ለዘይት የተሠራ የራሷ ቦታ አላት። ይህን ማንም አልነገረኝም። አብሯት የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ሦስት ቀን ታግዬ አነበብሁት። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ይላል። እየሮጥሁ ሄጄ ነገርሁት።

«አባዬ፣ ዘይቱ በደንብ አይቃጠልም። ጥቀርሻ ሆኖ ውስጧ ይጋገራል።»

«የኔ ልጅ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ሦስት ሰው ከነጤፉ ጭኖ አማኑኤል ደርሶ ያውቃል?»

ባጃጇን የሚጠግንልን መካኒክ አጠገባችን ነበርና በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ፊዚክስሽን አጥኚ እቴ! ሞተር በእጅ ነው የሚነበብ።» ዘይቱን በትንንሽ ጠርሙስ እየሞላ «የሲሊንደር ማለስለሻ» ብሎ የሚሸጥለትኮ እሱ ራሱ ነው!

ወራት አልፈው ባጃጇ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች። አባቴ «ጠምቷታል» ብሎ መለኪያውን ሁለት አደረገው። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽሁ። እናቴ «አባትሽን በሰው ፊት አታዋርጂ» አለችኝ፤ ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታዬ ነው። ባጃጇ ከሞተች አባቴ እንደ ድሮው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው የወረደ ጊዜ ወባ አንቀጥቅጦት በሰው ትከሻ ነው የተመለሰ።

አንድ ቀን አባቴ ከይጁቤ ገበያ ሲመለስ ባጃጇ መንገድ ላይ ቀጥ አለችበት። ተጎትታ ገባች። መካኒኩ ሲፈታት አጠገቡ ቆሜ ነበር። የፒስተኗ አናት የድስት ቂጥ መስሏል፤ ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ካንዴላዋም ጠቁራለች።

«ቤንዚኑ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ዘንድሮ የሚመጣው ቤንዚን ቆሻሻ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ጠርሙስ ነው! የሰው ሁሉ ባጃጅ የሚጠጣው ያንኑ ቤንዚን አይደል? የኛዋ ብቻ ለምን ጠቆረች?»

«ይቺ ልጅ ምላሷ ረዘመ።»

«ተዋት» አለ አባቴ። ቢላ አንስቶ ጥቁሩን ፋቀው። ቅርፊቱ እየተሰባበረ መዳፉ ላይ ወደቀ። አየው፣ አየው። «በገዛ እጄ ነው ያጠጣኋት» አለ።

ንዴቴ ሁሉ ወደ መካኒኩ ዞረ። አባቴስ የለመደውን ነው ያደረገ፤ እሱ ግን ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ነው። እንዴት አያውቅም? ያውቃል!

ሌላ መካኒክ ውስጧን ጠርጎ፣ ፒስተኗን ቀይሮ አስነሳት። አባቴ ቆላ አልወረደም። ልክ ነበርሽም አላለኝም። በማግስቱ ግን ካርቶን አምጥቶ «በይ ጻፊ፤ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጊው» አለኝ። ጻፍሁት፦

«ቤንዚን ውስጥ ዘይት የምትጨምሩ፣ አቁሙኝና አሮጌውን ፒስተኔን ላሳያችሁ።»

ጽሑፌ ባጃጇ ጀርባ ላይ ሆኖ ከተማውን ይዞራል። ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ በመካኒኩ በር በኩል እንሂድ እለዋለሁ። ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ግን አባቴ እንቢ ብሎኝ አያውቅም።