ለይመኙሻል የተደገመ ፍትሐት

መጀመሪያ የጠመኔ ብናኝ መስሎኝ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ስለነበር፣ ሰሌዳ ባጠፋሁ ቁጥር የሚነሣብኝን ሳል ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ማታ ማታ ላብ ሲያጠምቀኝም በጋቢው አሳበብኩ። አንድ ረፋድ ላይ ማባዛት እያስቆጠርኩ ሳለ ሳሉ ያዘኝ። መሐረቤን አወጣሁ። ደም ነበረበት። ክፍሉን ትቼ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን ወስደው ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ጥቂት ካየ በኋላ፣ "የሳንባ ነቀርሳ ነው" አለኝ። "ይድናል። ስትሬፕቶማይሲን በየቀኑ ትወጋለህ፣ ክኒኑን ትውጣለህ። ሲሻልህ ግን እንዳታቆም። ሰው የሚሞትብን ተሽሎኛል ብሎ ሲያቆም ነው።"

የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶኝ አባቴ ቤት ገባሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ቤታቸው ከመሐል ሜዳ ክሊኒክ በበቅሎ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ያስታመሙኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። በየቀኑ በቅሎዋን ጭነው እኔን ያስቀምጡና በእግራቸው ይከተሉኛል፤ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊና መርፌ ወጊው አቶ ጥላሁን፣ ወግቶኝ እንመለሳለን።

በሁለተኛው ወር ሳሉ ረገብ አለ። በአቅራቢያችን ሞላሌ ከተማ የሚያስተምር ጓደኛዬ፣ እንዳይሰለቸኝ ብሎ አንድ ልብ ወለድ ላከልኝ። አጎንብሼ ሳነብ ሳሉ ስለሚነሣብኝ አባቴ "አምጣው፣ እኔ ላንብብልህ" አሉ። ከመግለጣቸው በፊት ተሳለሙት። ሳቄን አፈንኩ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነበቡት ዳዊት፣ ገድልና ተአምር ነው፤ ሰው ተቀምጦ ያልኖረ ሰው ታሪክ ይጽፋል ብሎ የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም። አልዋሽም፣ ነገሩ ያዝናናኝ ነበር።

የመጽሐፉ ልጅ ስሟ ይመኙሻል ነው። የእኔው በሽታ ይዟታል፤ የእኔኑ መርፌ ትወጋለች። አባቴ እሷ ስታስል ይጨነቃሉ፣ እህል ስትቀምስ "ተመስገን" ይላሉ። በአራተኛው ቀን መጽሐፉን አጠፍ አድርገው፣ "ክርስትና ስሟን አልጻፈውም። ምን ብዬ ልጸልይላት?" አሉኝ። ዝም ስል ጊዜ ወለተ ማርያም ብለው ራሳቸው አወጡላትና፣ በጸሎታቸው ከእኔ ስም ቀጥለው ይጠሯት ጀመር። ልጅቷ እየተሻላት ሄደ። እኔም እየተሻለኝ ነበር። ሳላስበው ጤንነቴን ከእሷ ጋር አያይዤው ኖሯል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሞተች። ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው። በአንድ መስመር። ምን እንደገደላት እንኳ አልተጻፈም። ከሥሩ "ተፈጸመ" ይላል።

አባቴ ገጹን ገለጡ። ምንም የለም። የተቀደደ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ብለው ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱ። የለም። "ምነው? ድና አልነበር እንዴ?" አሉ። ተነሥተው ፍትሐት ደገሙላት። ሳቅ አልመጣልኝም። ልጅቷ እንዳልኖረች አውቃለሁ። ቢሆንም ሌሊቱን የራሴን ሳል ሳዳምጥ አደርኩ።

በማግስቱ በቅሎዋ አልተጫነችም። "መርፌው እሷን መች አዳናት? ጠበሉ ይሻልሃል፣ ልጄ" አሉ። ዝም አልኩ። ስምንት ቀን ተጠመቅሁ። በስምንተኛው ቀን የሌሊት ላቡ ተመለሰ። ደሙም ተመለሰ።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ጥላሁን ምን ሆኖ ቀረ ብሎ በእግሩ መጣ። አባቴ ነገሩን ሲነግሩት ቱግ አለ። "ልጅዎን በእጅዎ ሊገድሉት ነው እንዴ፣ አባ? ጠበሉን ማን ከለከለ? ጠበሉንም መርፌውንም ነው እንጂ!" አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። አልተከራከሩም። ልጄም እሺ ብሎኝ ነው ብለው አላመካኙም። ያን ጊዜ አላስችል አለኝ።

"አባባ፣ ይመኙሻል የምትባል ሰው የለችም" አልኩ። "ደራሲው ከልቡ ያወጣት ናት። እኔ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ።"

ይቆጣሉ ስል በእርጋታ ጠየቁኝ።

"ከልቡ ካወጣት ቀለሙ በእጁ አልነበር? ማዳን ሲችል ለምን ገደላት?"

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አንተስ? እያወቅህ ስምንት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልከኝ?"

"ፈርቼ" አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። በቅሎዋን ሊጭኑ ወጡ።

ከዚያ በኋላ መርፌው አንድ ቀን አልተጓደለም፤ ክረምት በጭቃው፣ ጥቅምትም በውርጩ እየተመላለስን፣ አቶ ጥላሁን እያሾፈብኝ፣ አባቴ ቅቤና እርጎ እያስገደዱኝ፣ ልብሴ ሁሉ እስኪጠበኝ ድረስ ሥጋዬ ተመለሰ። ዓመት አልፎ ደብረ ብርሃን በድጋሚ ራጅ ስነሣ ሐኪሙ "ጠባሳ ብቻ ነው የቀረው" አለኝ፤ አባቴም መሬት ስመው ተነሡ።

ይህንን የጻፍኩት ይኸው በሽታ ለያዛችሁ ነው። መድኃኒቱን ሐኪሙ በቃ እስኪላችሁ ድረስ ውሰዱ። ጠበል ብትጠመቁም ከመርፌው ጋር ይሁን። እኔ ያቋረጥኩት አባቴ ልብ ወለድ ስላላወቁ አልነበረም። እንደ ይመኙሻል ከዳንኩ በኋላ የምሞት መስሎኝ ነው፤ ይህን ለመናገር አፍሬ በእሳቸው የዋህነት ተደበቅሁ። አቶ ጥላሁንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴን ነፍሳቸውን ይማርልኝ፤ ለእኔ ይገባኝ የነበረውን የአቶ ጥላሁንን ቁጣ እሳቸው ተቀብለውልኛል። እናንተ ግን ስትፈሩ፣ ለሚያስታምማችሁ ሰው በዚያው ዕለት ፈራሁ በሉት።