«ሆን ብላ» ብዬ የጻፍኩት

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው የሆነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም። ሰው ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። አሁን የምጽፈው ቅልል እንዲለኝ አይደለም። እንዲቀለኝ መብት ያለኝም አይመስለኝም።

ባለቤቴ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ ጅግጅጋ ከገባን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። ስኳሬ ከፍ ሲል ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ አለኝ። ዋና እና ጂም አንድ ላይ ያሉበት ቦታ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት ለሴቶች ብቻ ነው የሚከፈተው። ሶማሌዎቹ ድሪዓቸውን፣ እኛ ነጠላችንን አንድ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅለን እንገባለን። የስምንት ዓመቷ ልጄ ፌቨን ገንዳው ውስጥ፣ እኔ መራመጃው ማሽን ላይ። ማሽኑ ፊት ለፊት መስኮት አለ። ቀና ያለ ሰው ገንዳውን ያየዋል። ሌሎቹ ስልካቸውን በሚያቆሙበት ቦታ እኔ ውዳሴ ማርያሜን አቆማለሁ። እየተራመድኩ አነባለሁ።

ሂቦ እዚያ ሴቶችን የምታስተናግድ ነበረች። ፎጣ ትሰጣለች፣ የልብስ ሳጥኖቹን ቁልፍ ትይዛለች፣ ውሃው ዳር ቆማ ልጆቹን ትጠብቃለች። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል፣ ቀልድ ታውቃለች። «አባዮ፣ ይኼን ሁሉ ተራምደሽ እስካሁን ሐረር አልደረስሽም?» ትለኝ ነበር። አባዮ እህቴ ማለት ነው። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ውስጤ ገባ። ፌቨንን «ሆዮ» ትላታለች። ፌቨንም መልሳ «ሆዮ» ትላታለች። ምን ማለት እንደሆነ ጎረቤቴን ስጠይቃት «እናት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቄ ጠፋ። ልጄ ሌላ ሴት እናቴ ስትል ሰማኋት ብዬ ያዝኩ። በእነሱ ዘንድ እናት ልጇን ራሷን «እናት» ብላ እንደምትጠራ አላወቅሁም፤ ላውቅም አልፈለግሁም። እኔስ ፌቨንን ጠዋት ስቀሰቅሳት «ተነሺ እናቴ» እላት የለም እንዴ? ከአፌ የማይጠፋ ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ስርቆት የመሰለኝ ለምንድን ነው?

የዚያን ረቡዕ ንባቤን ጨርሼ ስወርድ ሂቦ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከራሷ እስከ እግሯ ውሃ ይንጠባጠባል። እንደ ለበሰች ነው የረጠበችው። «አባዮ፣ አንዴ ላናግርሽ» አለችኝ። ቅዳሴ ሊረፍድብን ነው አልኳት። ልብስሽ ምን ሆነ አላልኩም። ፌቨን ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከኋላዋ ቆማለች፤ ምን ሆንሽ አላልኳትም። እጇን ይዤ ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላዋን ሳወልቅላት ማተቧ ከነመስቀሉ አንገቷ ላይ የለም። ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ነው። የት ሄደ አልኳት። ወደ መሬት እያየች፣ «ሂቦ በጠሰችው» አለችኝ።

በጠሰችው። ልጄ የነገረችኝ ስለ ክር ነበር። እኔ የሰማሁት ስለ ክር አልነበረም። እኛ ዘንድ ማተቡን በጠሰ ማለት ሃይማኖቱን ካደ ማለት ነው። ይቺ ሴት የልጄን ልብ ወስዳ ነበር፤ አሁን ደግሞ ነፍሷን ልትወስድ ነው አልኩ። «ለምን በጠሰችው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ እዚያው፣ ከፊቴ ቆሞ ነበር። አንድ ጥያቄ ነው። አልጠየቅሁም። መልሱን አስቀድሜ ለራሴ ሰጥቼው ነበርና።

ሐሙስ ቢሮ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ የአስተያየት መዝገቡን ሰጠኝ። ሴቶች የሻወሩ ውሃ ቀዘቀዘ፣ ፎጣ አነሰ እያሉ የጻፉበት መዝገብ ነው። ከእነሱ ሥር ጻፍኩ፦ «ሠራተኛችሁ ሂቦ የልጄን ማተብ ሆን ብላ በጥሳለች።» ሰውዬው ሁለት ጊዜ አነበበው። ጣቱን «ሆን ብላ» በሚለው ላይ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ይኼን አይተሻል?» አለኝ።

«አላየሁም» አልኩት። «ግን አውቃለሁ።»

«ሆን ብላ» የሚለውን ብቻ እንድሰርዝ ለመነኝ። የሃይማኖት ነገር እንደ ሻወር ውሃ አይደለም፣ አንዴ ከተጻፈ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም አለኝ። ይህንንም አውቅ ነበር። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ቃል ሰው ምን ያህል እንደሚፈራው አውቅ ነበር። አውቄ ነው የጻፍኩት። ሆን ብላ ያደረገች ሴት በዚያ ክፍል ውስጥ ካለች፣ እኔ ነበርኩ።

ሂቦን አስጠራት። በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። «ልጅቷ ትጠየቅ» አለች። ልጄን አንቺ ፊት አላቆምም አልኳት። ሰውዬው ቁልፎቹን እንድታስረክብ ነገራት። ሂቦ ትንሽ አየችኝና «አንገቷን አየሽው?» አለችኝ። ድፍረት መሰለኝ። ፊቴን አዞርኩባት። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ልትቆርብ ስለሆነ የፌቨንን ጸጉር ፈትቼ አጥባት ጀመር። ማጅራቷ ላይ፣ ሹሩባው ሸፍኖት የነበረ ቀይ መስመር አየሁ። ክር የጨረፈው ቆዳ ነው። እጄ ሳሙናው ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ጠየቅሁ።

መስቀሏ በውሃው ውስጥ የመሰላሉ ብሎን ላይ ተይዞ ኖሯል። ወደ ላይ ልትወጣ ስትል ክሩ አንገቷን ይዞ አስቀራት። ክሩ የተገመደ ስለሆነ ጠንካራ ነበር። ሂቦ እንደ ለበሰች ዘለለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ለእናትሽ ንገሪያት ብላኝ ነበር» አለችኝ ፌቨን። «ዋና ትከለክይኛለሽ ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ? መስኮቱ ፊት ለፊት ነበርኩ። ልጄ ውሃ ውስጥ ተይዛ ስትንፈራገጥ እኔ ስለ እሷ ጸሎት እያነበብኩ ነበር። ቀና አላልኩም። ጸሎቴን የሰማው አምላክ ሰው ላከልኝ፤ የላከልኝን ሰው እኔ ከሥራዋ አስባረርኩ።

የፌቨንን የዋና ቦርሳ ኪስ ስከፍት በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። መስቀሏ ነው። የተበጠሰውን ክር ሂቦ ቋጥራዋለች፤ አጥሮ አንገት አይዞርም እንጂ በደንብ ነው የቋጠረችው። እኔ «ሆን ብላ» ብዬ ስጽፍ ይህ ቦርሳ ቤቴ፣ በሩ ኋላ ተሰቅሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አሁኑኑ ልናገር፤ መጨረሻ ላይ የማቆየው ሌላ ስላለ ነው። ወር ሳይሞላ ሂቦ ኤረር፣ እህቷ ዘንድ ገባች አሉ። ፌቨን ስትጠይቀኝ ሥራ ለቀቀች አልኳት። «በእኔ ምክንያት ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ከተናገርኩት ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነው። ወደ ገንዳው አልተመለስንም። መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን አልሰረዝኩም። ኤረር ሩቅ አይደለም፤ ማልዶ የተነሳ ሰው ይደርስበታል። ስልክ ቁጥሯን የሚያውቁ ሴቶች አሉ። በየፍልሰታው እሄዳለሁ እላለሁ። አልሄድኩም።

ልጄ ዛሬ በሕይወት አለች። ስታድግ ባየሁ ቁጥር አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ከሶማልኛ አጥርቼ የማውቀው አንድ ቃል ቢኖር «መሀድሰኒድ» ነው፤ አመሰግናለሁ ማለት። ለቲማቲም ሻጯ እለዋለሁ፣ ለባጃጅ ነጂው እለዋለሁ። ለእሷ አላልኩትም። ይቅር በሉኝ ብዬ አንባቢን አልለምንም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።

የፌቨንን ጸጉር ባጠብኩ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ ክር አሰርኩላት። አስቀደስን። እሷ ቆረበች፤ እኔ ግን አልቆረብኩም፣ አልደፈርኩም። ስንመለስ ልጄ እንደ ቆራቢ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከጎኔ ትሄዳለች። የገንዳው በር አካባቢ ስንደርስ ሂቦ ስትወጣ አየኋት። ዕቃዋን በፌስታል ይዛለች፤ የቤት ጫማዋ ከላይ ይታያል። ፌቨንን ስታያት ቆመች። «ሆዮ» አለቻት። ልጄ እጄን ጎተተች።

ሂቦ ወደ እኔ ቀና አለች። አልተቆጣችም። እንድናገር የጠበቀችኝ ይመስለኛል። ያን አንድ ቃል አውቀው ነበር። እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ አንስቼ አፌን ሸፈንኩ። በጣቴም ወደ አፌ አመለከትኩ፤ ቆርቤያለሁ፣ መናገር አልችልም ለማለት።

ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ሥርዓታችንን ታውቃለች። ገባት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገችና ከመንገዳችን ዞር አለችልን። እኔም ያልተቀበልኩትን ቁርባን አፌ ላይ ሸፍኜ አለፍኳት።