የበግ ማሰሪያ የተባለው ሞተር

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። መምህራችን ከሕይወታችሁ አንድ ነገር ጻፉ ሲሉን፣ አብረውኝ የሚማሩት ስለ ስደትና ስለ ፍቅር ጻፉ። የእኔ ስለ አንድ የመኪና ሞተር ነው። ያ ሞተር ዓመታቱን ያሳለፈው ቤታችን ጓሮ፣ ቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። እኔና እናቴ ጠበቅነው። የጠበቅንበት ምክንያት ደግሞ ደግነት አልነበረም።

አባቴ ጭሮ ውስጥ ከአንድ የጫት ነጋዴ ጋር በሽርክና የጭነት መኪና ነበረው። አባቴ ይነዳል፣ ነጋዴው ከገለምሶና ከበደሳ ያስጭናል። ጫት መንገድ ላይ ካደረ ዋጋ የለውም። መኪናው አሮጌ ስለነበረ፣ የእሱን ዓይነት ሞተር ድንገት ቢፈልጉት አይገኝም። ስለዚህ ሁለት መለዋወጫ ሞተሮች አስቀድመው ገዝተው ነበር።

የት ይቀመጡ በሚለው ግን አልተስማሙም። በእኛ ከተማ ጫት ነጋዴ ውድ ዕቃውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ጫት መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ዘበኛና ጥሩ ቁልፍ ያለው እሱ ነውና። አባቴ እንቢ አለ። መጋዘኑ ጠዋት ማታ ውሃ ይረጭበታል፣ እርጥብ የኮባ ቅጠል ይነጠፍበታል። ያ እርጥበት ጫቱን ትኩስ ያደርገዋል፣ ሞተሩን ግን ያዝገዋል ብሎ ሁለቱንም እኛ ቤት አመጣቸው።

አባቴ የሞተው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ለቅሶው ገና ሳይነሣ ነጋዴው ሰዎች ይዞ መጣ። መኪናው በስሙ ስለነበረ ወሰደው። ከሁለቱ ሞተሮች አዲሱን ወደ መጋዘኑ አስጫነ። አሮጌውን በእግሩ ነካ አደረገና፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ለእናቴ፦

«ይሄን ትቼልሻለሁ። ለበግ ማሰሪያ ይሆንሻል» አላት።

አንድ ሰው ሳቀ። ሰዉ ከሄደ በኋላ እናቴ፣ አባቴ ሞተሮቹ እንዳይዝጉ ያደርግ የነበረውን ታስታውሺያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አስታውስ ነበር።

አሮጌውን ዘይት አፍስሰን አዲስ ሞላን። ውስጡ የቀረውን ውሃ እስከ ጠብታው አስወጣን። አየር የሚገባበትንና ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ ዘይት በነካ ጨርቅ ወትፈን፣ በላስቲክ አሰርን። ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ወፍራም እንጨት ላይ አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ። በየጊዜው ፒስተኖቹ ላይ ትንሽ ትንሽ ዘይት እጨምራለሁ። አርብ አርብ፣ ሰው ከጁምዓ ሲመለስ፣ የፊቱን ትልቅ ብሎን በረጅም ቁልፍ ይዤ ሞተሩን በእጄ አዞረዋለሁ። ካልዞረ ፒስተኖቹ ይነክሳሉ፤ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሳዞረው ስለ ትምህርቴ አላስብም ነበር። ስለዚያ እግር ነበር የማስበው።

ቆራሌው በበራችን ባለፈ ቁጥር በኪሎ ልግዛችሁ ይል ነበር። እናቴ ዘይት ለወጥ ባጣችበት ቀን እንኳ ለሞተሩ አላጣችም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በበጋ፣ ጫት በተወደደበት ሰሞን፣ የነጋዴው መኪና ከበደሳ ሲመለስ ሞተሩ ተቃጠለ። መለዋወጫውን ከመጋዘኑ አወጡት። ዓመታቱን በሙሉ ከእርጥብ ኮባ ጋር ነበር የኖረው። መካኒኩ በቁልፍ ቢለው፣ በቧንቧ አስረዝሞ ቢለው፣ ንቅንቅ አላለም። ዝጎ ነክሷል።

ነጋዴው መጀመሪያ ሽማግሌዎች ላከ። እናቴ በአክብሮት ተቀብላ፣ ዕቃው የሚያስፈልገው ሰው ራሱ ይምጣ ብላ ሸኘቻቸው። እነሱ እንደወጡ ወደ እኔ ዞረች።

«ጎረቤት ሂጂና በጋችሁን ለዛሬ አውሱን በያቸው።»

ነጋዴው ሲመጣ በጉ ሞተሩ ላይ ታስሮ ሣር ይበላ ነበር። ሰውየው በጉን አየ፣ እናቴን አየ። ላስቲኩን ገለጥኩለትና ቁልፉን ሰጠሁት። በአንድ እጁ ሲገፋው ሞተሩ ያለ ድምፅ ዞረ። ደግሞ አዞረው። ለአፍታ እንደ ልጅ ደስ አለው፤ ያቺን ደስታ ማየቴ ከሁሉም ይበልጥ ጠቅሞኛል።

«እህቴ፣ ዋጋውን አንቺው ቁረጪ» አላት።

«ታዲያ በጉ የት ይታሰር?»

«ወላሂ ያኔ ለቀልድ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «እኔም ቀልዱ እንዳይዝግ ነው ዘይት ሳጠጣው የኖርኩት።»

ሞተሩን ለእሱ አልሸጥንለትም፤ የሸጥነው ለአንድ የገለምሶ ነጋዴ ነው። ዓይነቱ አንድ የሆነ መኪና ያለው ሲሆን፣ የገበሬውን ጫት ለመግዛት ከአባቴ ሸሪክ ጋር የሚሻማ ነበር። እናቴ ውሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስገባች፤ ሞተሩ የሚገጠመው ጭሮ፣ ከአባቴ ሸሪክ ጫት መጋዘን ፊት ለፊት ባለው ጋራዥ እንዲሆን። የእሱም መኪና እዚያው ጋራዥ፣ ሞተሩ ወጥቶ ሆዱ ባዶ እንደሆነ ቆሟል።

በተገጠመ ዕለት እኔና እናቴ የክት ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። መካኒኩ የተጠራቀመውን ዘይት አፈሰሰ፤ ፒስተኖቹ ላይ የቀረው ግን ሲነሣ ይጨሳል ብሎ አስጠነቀቀን። ያንን እኔም አውቅ ነበር። መኪናውን ወደ ኋላ አድርገው፣ የጭስ ማውጫውን ወደ መንገዱ አዙረው እንዲያቆሙት ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ።

በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ስጨምርለት የኖርኩት ዘይት በነጭ ጭስ ወጣ፤ መንገዱን ተሻግሮ በመጋዘኑ በር ገባ። ነጋዴው አፉን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ እያሳለ ወጣ። እናቴ ጭሱ እስኪጠራ ቆማ አየችው። ከዚያ ክንዴን ያዘችና ወደ ቤታችን ሄድን። አላዘንኩለትም፤ አሁንም አላዝንለትም።

ዕለቱ የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።