ቢጫዋ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ፣ ጸሐፊዋ ግንባሬን የዓይን መመርመሪያው ሳጥን ላይ አስደግፌ ፊደሎቹን እንዳነብላት ነገረችኝ። ሁሉንም አነበብኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። አባዬ ትዝ ብሎኝ ነው።

በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ ተዘግቶ ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርታማችን ውስጥ ስነጫነጭ፣ አባዬ በወጣትነቱ ሠርግ ያነሳባት የነበረችውን የፊልም ካሜራ ከሻንጣ አወጣልኝ። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስባት ቫን ሥራ ቀዝቅዞባት ስለነበር እሱም ጊዜ ነበረው። በካሜራዋ መስኮት ሲያዩ መሃል ላይ ደብዘዝ ያለች ቢጫ ነጥብ አለች፤ እዚያች ውስጥ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱን እያዞሩ ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው። እኔ አፍንጫ ከጆሮ ሳጋጥም ሰነበትኩ፤ አባዬ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ቅጠሉ ሲቀላ፣ አንድ እሑድ ዳቦ ቆሏችንን ይዘን ወደ መናፈሻ ሄድን። እዚያ ተሳካልኝ። ደስ ብሎኝ ካሜራዋን ሰጠሁት።

«አሁን አንተ አንሳኝ።»

ቀለበቱን ወዲያ ወዲህ አዞረው። መስኮቷን በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና አየ።

«ቢጫዋ ጠፍታለች። ምን አደረግሻት?»

ተቀብዬ አየሁ። «አባዬ፣ አለች እኮ። ጀስት ሉክ።»

መልሶ ወስዶ በሌላኛው ዓይኑ ሞከረና ካሜራዋን ዝቅ አደረጋት። ከመሸ አልነዳም ማለቱ፣ የቫኗ ጎን ላይ ያሉት ጭረቶች፣ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «አንብቢልኝ» ማለቱ፣ ሁሉም የገባኝ ያኔ ነው። እንግሊዝኛው ከብዶት ይመስለኝ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆይቷል። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። የምንበላው በቫኗ ነው።»

ቀለበቱን በግምት አዙሮ አነሳኝ። ወደ ቤትም እሱ ነዳ። እኔ ከጎኑ ሆኜ፣ መብራት በቀላ ቁጥር እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጥ ነበር።

ለእማዬ የነገርኳት የበረዶው ወራት ካለፈ በኋላ ነው። ሐኪሙ የዓይን ነርቭ ነው አለን፤ የሄደው አይመለስም፣ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ብዙውን ማቆየት ይቻል ነበር። ዝም ማለቴ ለአባዬ ውለታ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከመንጃ ፈቃዱ ቢሮ ቤት ስመለስ አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው።

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«ያቺ መናፈሻ ያነሳሁሽ ፎቶ አለች?»

ግድግዳው ላይ ናት። ከኋላዬ ያለው ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይታያል፤ የእኔ ፊት አይለይም።

«አለች» አልኩት። «ጥርት ብላ።»