ያደታ እና የሽንኩርቱ ጆንያ

የመቂው ያደታ ሚስቱን ሌንሳን ከመውደዱ የተነሣ ሠፈሩ ያፍርለት ነበር። ገበያ ስትወጣ እንኳ አገር አቋርጣ የምትሄድ ይመስል ደጅ ቆሞ ይሸኛታል። ጦርነቱ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲዘምት አውቶቡሱ ላይ ያለቀሰው እሱ ነው ተብሎ ተወርቷል። ተወርቷል ማለቴ ለጨዋነት ነው እንጂ በዓይኔ አይቻለሁ።

ምሽጉ ውስጥ ስልክ አይሠራም። ያደታን ከጥይቱ ይልቅ የሚበላው ሐሳብ ነበር፤ ታስበኛለች ወይስ ረሳችኝ?

አንድ ቀን የስንቅ መኪና ሽንኩርት ይዞ መጣ። ያደታ የጆንያውን አፍ ሲያይ ደርቆ ቀረ። ሌንሳ የምትውለው መቂ፣ ደላሎች ሽንኩርት በሚያስጭኑበት ሜዳ ነው፤ ሥራዋም የጆንያ አፍ በሲባጎ መስፋት። እዚያ ሁሉም የየራሱ አሰፋፍ አለው። የሌንሳ ስፌት መጨረሻው ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ቋጠሮ አለበት። ያደታ ፊት ያለው ጆንያ ላይ ቢራቢሮዋ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣለች።

ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤት ካልገባሁ አለ። የወጥ ቤቱ አለቃ፣ የወለንጪቲው ሰንበታ፣ ምን ነካህ ቢለው ሽንኩርት መላጥ ከልጅነቴ ነፍሴ ነው አለ። ቋጠሮውን እየቆረጠ ደረት ኪሱ ይከታል፤ እየላጠም ያለቅሳል። ጓዶቹ በሽንኩርቱ አሳበቡ። ሰንበታ ግን አልተሸወደም፤ የያደታ እንባ የሚወርደው ገና ቢላዋ ሳያነሣ ነዋ። ሲባጎ ሲስምም እጅ ከፍንጅ ይዞታል።

ፈቃድ አግኝቶ መቂ ሲገባ ቤቱን ዝግ አገኘው። በሩጫ ወደ ሜዳው ሄደ። ሌንሳ የለችም። በእሷ ቦታ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደው ጫኝ ኑሬ ቁጭ ብሎ ጆንያ ይሰፋል። ሲጨርስ ቢራቢሮ ቋጠረ።

«ኑሬ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ሚስትህ ናታ። አንተ እንደሄድክ ስፌቱን ለእኔ ትታ አዳማ መናኸሪያ ገባች። ቅቅል ድንች ትሸጣለች። ከመኪና የወረደ ወታደር ሁሉ ስላንተ ሳይጠየቅ አያልፍም አሉ።»

ያደታ ያበጠ ደረት ኪሱን ዳበሰ፤ የኑሬን ጢም አየ፤ አፉን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ሚኒባስ ላይ ተንጠለጠለ።

መናኸሪያው ውስጥ ሌንሳ ድንች ላይ ሚጥሚጣ እየነሰነሰች ነበር። ዩኒፎርሙን እንጂ ፊቱን አላየችም።

«ወንድሜ፣ ያደታ የሚባል ወታደር ታውቃለህ?»

«አውቀዋለሁ» አላት። «ኑሬን ሲስም ከርሟል።»

ቀና ስትል ሚጥሚጣው ከእጇ ወደቀ። ያን ቀን መናኸሪያው በሙሉ አስነጠሰ፤ ሁለቱ ግን ተቃቅፈው ምንም አልሰሙም።

ፈቃዱ ሲያልቅ የቦርሳውን አፍ ሌንሳ በገዛ እጇ ሰፋችው፤ ኑሬ እንዳይነካውም ተነገረው። ሰንበታ እንደሚያወራው ያደታ ቋጠሮው አይፈታም ብሎ ቅያሪ ልብሱን ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ቆልፎ በአንድ ካልሲ ከረመ። አሁን ምሽጉ ውስጥ አፍንጫቸውን ይዘው ያለ ሽንኩርት የሚያለቅሱት ጓዶቹ ናቸው።