የመጀመሪያው ጭነት

ሊይዙኝ ሲመጡ ሁለት እጄ እስከ ክርኔ ዘይት ነበር። ቡራዩ ባለችው ጋራዤ ውስጥ የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር አውርጄ፣ አድሼ፣ ቴስታታውን ማለትም የሞተሩን ክዳን እያሰርኩ ነበር። መኪናው በመናገሻ በኩል ካለ የድንጋይ ካባ ድንጋይ ያወጣል። ባለቤቱ ዳገቱ እንዲቀለው ቱርቦ ግጠምልኝ ብሎኝ ነበር።

"ብሎኖቹን ልጨርስና አብሬያችሁ እሄዳለሁ" አልኳቸው። ክዳን በግማሽ ጠብቆ አያድርም።

አንደኛው ፖሊስ ሳቀ። ሌላኛው ጨርቅ አንስቶ አቀበለኝ። እጄን ከጠረግኩ በኋላ ካቴናው ገባ።

ጥፋቴ የሰፈር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ከእኛ አካባቢ የተወሰዱ ሰዎች የት እንዳሉ መጠየቄ ነበር። ከዚያ ያለፈ የሠራሁት ነገር አልነበረም፤ መርማሪውም ከዚያ ያለፈ አልጠየቀኝም።

ጥቂት ጊዜ ጣቢያ ካቆዩኝ በኋላ ከሱሉልታ አልፎ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ፣ ተራራው ላይ ወዳለ ግቢ ከሌሎች እስረኞች ጋር ወሰዱን። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ገና ስንገባ የገለባና የአይጥ ሽታ ተቀበለን። ክረምት ስለነበር ጠዋት ጠዋት የገዛ ትንፋሻችን ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብብናል።

በቀኜ የሚተኙት የሱሉልታ ገበሬ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም በኦሮምኛ፣ በአክብሮት፣ ኦቦ እንላቸዋለን። በግራዬ ከሰበታ የመጣ የታሪክ መምህር አለ። ኦቦ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበር። መምህሩ ከራሱ ሸሚዝ እየቀደደ ያስርላቸዋል። ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ኦቦ ቦታቸውን ለቀው በሩ ሥር መተኛት ጀመሩ። በዚያ በኩል ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። እኛን ላለማስቸገር ነው። መምህሩ ብርድ ልብሱን አንስቶ አጠገባቸው ሄዶ ተኛ።

"ሐኪም ቤት ውሰዷቸው" ብለን ደጋግመን ጠየቅን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መኪና የለም። ውሸት አልነበረም። የግቢውን መንገድ ጭቃ ውጦታል። ያንን ጭቃ የሚደፍረው በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ በሁሉም ጎማው የሚጎትት አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ብቻ ነበር። እሱም ደክሞ፣ ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ ከርሞ፣ ግቢው መሀል ቆሟል። ዱቄታችን በአህያ ነበር የሚመጣው።

አንድ ጠዋት አዛዡ አስጠራኝና መኪናው ዘንድ ወሰደኝ። ሥራዬን ከፋይሌ ላይ አይቶታል።

"ይሠራል?" አለኝ።

ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። "የፒስተኖቹ ቀለበት፣ ሪንጉ፣ አልቋል፤ ዘይት የሚበላው ለዚያ ነው። ዳገቱ ያቃተው ግን በእርጅና ብቻ አይደለም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ይታፈናል።" ግቢው ጥግ ላይ ተጋጭቶ የተጣለ፣ የዚያው ዘር የሆነ አዲስ መኪና ነበር። ወደ እሱ ጠቆምኩ። "የዚያ ቱርቦ ጤነኛ ከሆነ አየር እየገፋ ያስገባለታል። ፒስተኖቹንም ከዚያው እወስዳለሁ። የዚህኛው ያንን ግፊት አይችሉትም።"

"በል ጀምር።"

"አስቤ ነገ ልንገርዎ" አልኩት። እንዲህ ያለ መልስ እዚያ ግቢ የተለመደ አልነበረም። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ወደ መጋዘኑ ተመልሼ ስናገር መምህሩ ፊቱ ጠቆረ። "ነገ ሌላ ሰው ጭኖ የሚያመጣው ይኸው መኪና ነው። በገዛ እጅህ ጉልበት ልትጨምርለት?"

"ኦቦስ?"

"እሳቸውን ማሳከም የእነሱ ግዴታ ነው። አንተ በላብህ የምትገዛው ነገር መሆን የለበትም።"

እውነቱን ነበር። ዞር ብዬ "ኦቦ፣ አንቱ ምን ይላሉ?" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ "የታመምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?" አሉ። "የእኔ ቃል ለፍርድ አይሆንም።"

በማግስቱ ለአዛዡ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። "ሞተሩ ሲነሳ የመጀመሪያው ጭነት ሽማግሌው ይሆናሉ። በቀጥታ ሐኪም ቤት።" ትክ ብሎ አየኝና "እሺ" አለ። በእጄ የያዝኩት ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

ካቴናውን ፈቱልኝ። ረዳቴ የመኪናው ሹፌር የሆነ ዘበኛ ነበር፤ የሰበታ ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን እንዳነገተ ራቅ ብሎ ይቆማል። ሞተሩን ስናወርድ ግን አንድ እጅ አይበቃም፤ መሣሪያውን አጥር ላይ ሰቅሎ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አንተ" መባሌ ቀርቶ "መካኒክ" ሆንኩ።

የተጣለውን መኪና ቱርቦ ፈትቼ ዘንጉን በጣቴ ልወዘውዘው ሞከርኩ፤ አልላላም ነበር። በትንፋሼ እፍ ስልበት ያለ ድምፅ ዞረ። ሹፌሩ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ፒስተኖቹን በናፍጣ አጠብን። አዲስ ሪንግና የክዳኑ ማሸጊያ ጋስኬት ከአዲስ አበባ ተላከ። ቱርቦ ዘይት ካጣ ወዲያው ይቃጠላልና ከሞተሩ ወደ እሱ የምትሄድ ቀጭን ቧንቧ በእጄ አጥፌ ገጠምኩ። ናፍጣውን ጥቂት ብቻ ጨመርኩለት። ሽማግሌ ሞተር ነው፤ ብዙ ከጠየቁት ይሰበራል። ክዳኑን ሳስር ተራውን ጠብቄ፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ አንድም ብሎን ሳላስቀር አጠበቅሁ። የሚያስቸኩለኝ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ግቢ ደስ ያለኝ ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

ሲነሳ መጀመሪያ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ጠራ። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጠው ከሥር የቱርቦው ቀጭን ፉጨት መጣ። ከመጋዘኑ ውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ። ድንጋይ ጭነን ከግቢው ጀርባ ባለው ዳገት ሞከርነው፤ ጭቃውን እያረሰ ሳይቆም ወጣ።

አዛዡ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ደስ ብሎታል። "ጎበዝ! እንግዲህ ዛሬ ዱቄቱን ያምጣ። ሽማግሌው ሌላ ቀን ይሄዳሉ።"

የመፍቻ ቁልፎቹን በየመጠናቸው ጨርቅ ላይ ደረደርኩና ጠቀለልኳቸው። ከዚያ ፊቱ ሄጄ ቆምኩ፤ ሁለት እጄን ለካቴና ዘረጋሁ።

"ምንድነው?" አለ።

"እኔ ቃሌን ጨርሻለሁ። የቀረው የእርስዎ ነው።"

ድምፄን አላነሳሁም። አዛዡ እጆቼን አየ፤ እኔን አየ። ያን ጊዜ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"አለቃ፣ ሐኪም ቤቱም ወፍጮ ቤቱም መንገዳቸው አንድ ነው። አባትን አድርሼ ዱቄቱን ጭኜ እመለሳለሁ።"

አዛዡ "አምጧቸው" ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

ኦቦን አዝሎ ያወጣቸው መምህሩ ነበር። ዘበኞቹ ከኋላ ሊጭኗቸው ሲሉ ሹፌሩ ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተላቸው። ኦቦ ከተቀመጡ በኋላ ሁለታችንንም አይተው "ገለቶማ" አሉን፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ እኔና መምህሩ ድምፁ እስኪጠፋ ቆመን ሰማን። የከለከለን አልነበረም።

የመምህሩ ስጋትም ግን ደረሰ። ከጊዜ በኋላ ያ ፉጨት ዳገቱን ሲወጣ ሰማን፤ አዲስ የተያዙ ሰዎች ጭኖ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። መምህሩ "አየህ?" አላለኝም። ተነስቶ ብርድ ልብሱን አጠፈና ለመጡት ሰዎች ቦታ ለቀቀ። እኔም ተነሳሁ።

ክስ ሳይመሠረትብን በየተራ ተለቀቅን። እኔ ወደ ጋራዤ ተመለስኩ፤ መምህሩም ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ። ኦቦ የእግር ጣት ተቆርጦላቸዋል፤ በዱላ እየተደገፉ ግን ከከብቶቻቸው ኋላ ይሄዳሉ። አንዳንድ እሁድ እኔ ከቡራዩ፣ መምህሩ ከሰበታ ተነስተን ሱሉልታ እሳቸው ቤት እንገናኛለን። እርጎ ይቀርብልናል፤ ከዚያ ያው ክርክር ይነሳል። መኪናውን መሥራት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም? እሱ መኪናው ስላመጣቸው ሰዎች ይናገራል፤ እኔ ወደ ኦቦ አያለሁ። ሌሊት ብቻዬን ሳስበው ግን የእሱንም ወገን ይዤ እከራከራለሁ። ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል የተቀበልኩት በቅርቡ ነው።

ባለፈው እሁድ ድምፃችን ከፍ ሲል ኦቦ በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ሊያስታርቁን ነው ብዬ ዝም አልኩ።

"ቀጥሉ እንጂ" አሉ እየሳቁ። "ክርክሩን እንዳትጨርሱት ብቻ። ካለቀማ ልትቀሩብኝ ነው።"